ከማጅራት ገትር ድኛለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን አልተመለሰም

ሰላም ወገኖች። ቡሬ ነው የምኖረው፤ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከሁለት ወር በፊት ትኩሳትና ራስ ምታት ጣለኝ። አንገቴን ማጎንበስ አቃተኝ። ብርሃን ዓይኔን ስለሚወጋኝ ሚስቴ መስኮቱን በጋቢ ሸፈነችው። ሆስፒታል ከወገቤ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩና በቫይረስ የመጣ ማጅራት ገትር ነው አሉኝ። የባክቴሪያው ዓይነት ይብሳል፣ ለዚህኛው ግን አንቲባዮቲክ አይሠራም፣ ዕረፍት ነው መድኃኒቱ ተባልኩ። በዘጠነኛው ቀን ቤቴ ገባሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት አንዲት እናት ግማሽ ኪሎ ምስር ገዝተው ሁለት መቶ ብር ሰጡኝ። መልሱን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስቱም ተለያየብኝ። በመጨረሻ ራሳቸው ቆጥረው ወሰዱ። «አይዞህ ልጄ፣ ደክሞህ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል ራሴን ይወቅረኛል፤ የስኳር ጆንያ ላይ ጋደም እላለሁ። ሰው ደግሞ «አምሮብሃል እኮ!» ይለኛል። ምን ልበለው?

ሐኪሙ ድካሙና መርሳቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይም ለወራት ሊቆይ ይችላል ብሎኛል። እናቴ ጠበል ትላለች፤ እሱንም አልተውኩም።

ይህ በሽታ ይዟችሁ የዳናችሁ ካላችሁ፣ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ? ሥራ በግማሽ ቀን ነው የጀመራችሁት ወይስ ጭራሽ አቁማችሁ ነበር? ጆሮዬም አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ላስመርምረው? ባሕር ዳር ነርቭ ሐኪም ጋ የሄደ ካለ፣ የትኞቹን ወረቀቶች ይዤ ልምጣ?