አዲስ ጀልባ ልገዛ ነው፣ ጊዜው ግን አያስተማምንም፤ እንዴት ልደራደር?

ጥያቄ፦ ባለመቅዘፊያ

ሰላም ለሁላችሁም። ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከኋላ የሚሰቀል አንድ ሞተር ያለው አዲስ የፋይበርግላስ ጀልባ ልገዛ ነው። እኔና ባለቤቴ ለዚህ አራት ዓመት ቆጥበናል። ግማሹ ገንዘብ በእጃችን አለ፤ ግማሹን ልንበደር ነው። ሻጩ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው ግቢው ውስጥ የቆመ ያለፈው ዓመት ሞዴል ነው፤ ከተለጠፈው ዋጋ 8 በመቶ እቀንስልሃለሁ አለኝ። ሁለተኛው በትዕዛዝ የሚሠራ ነው፤ ቀለሙንም ዕቃውንም እኔ እመርጣለሁ፣ 30 በመቶ ቀብድ ዛሬ እከፍላለሁ፣ ጀልባውን ከሰባት ወር በኋላ እረከባለሁ። «በሚቀጥለው ወር ዋጋ ስለሚጨምር እስከ ዓርብ ወስን» ብሎኛል።

በመሥሪያ ቤቴ የሠራተኛ ቅነሳ እየተወራ ነው። ወለዱም ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ልቧ ትዕዛዙ ላይ ነው፤ እኔ ፈርቻለሁ። ብተወው ይሻላል? ካልተውኩስ ከ8 በመቶ በላይ መጠየቅ ነውር ይሆን?

መልስ፦ የወደብ ሰው

ወንድሜ፣ ምንም ነውር የለውም። 8 በመቶው የድርድሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ጀልባ ሽያጭ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ልንገርህ።

ግቢ ውስጥ ተደርድረው የምታያቸው ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ በሻጩ ገንዘብ የተገዙ አይደሉም። አበዳሪ ተቋም ለፋብሪካው ይከፍልለታል፣ እሱ ወለድ እየከፈለ ያቆማቸዋል። ጀልባው ሲሸጥ ብድሩ ይዘጋል። ሳይሸጥ ከቆየ ወለዱ ይቀጥላል፤ በውላቸው ላይ የተቀመጠው ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ከዋናው ብድር እየቀነሰ እንዲከፍል ይጠየቃል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲያደርሰው ብዙ ሻጮች የተጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ባዶ ሆነው የነበሩት ግቢዎች እንደገና ሲሞሉ፣ እያንዳንዱ የቆመ ጀልባ ከቀድሞው በጣም የበለጠ ወለድ መብላት ጀመረ። ቆይቶ ወለዱ ዝቅ ቢልም፣ የቆመ ጀልባ ዛሬም ለሻጩ ሸክም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታጣራው ይህ ጀልባ ስንት ጊዜ እንደቆመ ነው። ሻጩን አትጠይቀው፣ ጀልባውን ጠይቀው። ከኋላው ሂድና ፊትህን ወደ አፍንጫው አዙረህ ቁም። በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር፣ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ የአገር መለያ ይቀድመዋል። የመጨረሻዎቹን አራት ተመልከት። ፊደሉ ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው። የቀሩት ሁለቱ የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። ሞዴሉና የተሠራበት ቀን አንድ አይደሉም፣ ልዩነቱ ብዙ ወር ሊሆን ይችላል።

የዓርቡን ነገር በተመለከተ፣ ዋጋ ይጨምራል ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። የሚጨምረው ግን ገና በሚታዘዘው ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ተገዝቶ ያለቀ ዕቃ ነው፤ ዓርብም ቅዳሜም ለእሱ ያው ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ግባ፦ «ማጓጓዣው፣ ጀልባውን ማዘጋጃው፣ የወረቀቱ ጉዳይ፣ ሁሉም ተደምሮ ከግቢው ይዤው የምወጣበት ዋጋ ስንት ነው?» በጽሑፍ ይስጥህ። ዋጋው ላይ ቀንሶ ማዘጋጃ በሚል ስም መልሶ የሚጨምር ብዙ ነው።

መልስ፦ ሰማያዊ ውሃ

እኔ በትዕዛዙ መንገድ ሄጄ የተጎዳሁ ሰው ነኝ፤ እባክህ አንብበኝ። 40 በመቶ ቀብድ ከፍዬ ስድስት ወር ጠበቅኩ። በሰባተኛው ወር ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ሻጩ ከስሮ ነበር። ገንዘቤ ፋብሪካው ጋር አልደረሰም፤ የግቢው ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ሆኗል። መያዣ ያላቸው አበዳሪዎች ቀድመው ወሰዱ፣ እኔ ከኋላ ከተሰለፉት አንዷ ሆንኩ። እስከ ዛሬ የደረሰኝ ከከፈልኩት አንድ አሥረኛ አይሞላም።

ኢኮኖሚው ሲናጋ ይህ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ዌልክራፍት፣ ግላስትሮንና ፎር ዊንስን የመሳሰሉ የጀልባ ስሞችን የያዘው ኩባንያ ጄንማር ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ መከላከያ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመኑ ጀልባ ሠሪ ባቫሪያ እንዲሁ። ስሞቹ በአዲስ ባለቤት እጅ ቀጥለዋል፤ ነገር ግን ፋብሪካ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ዕዳና ዋስትና ሁሉ የመሸከም ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ስለዚህ «ትልቅ ስም ነው፣ አይወድቅም» የሚለውን እርሳው።

ትዕዛዙን ከመረጣችሁ ድርድሩ ከዋጋው በፊት በእነዚህ ላይ ይሁን። ቀብዱ በሻጩ ሂሳብ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን የአደራ ሂሳብ ይቀመጥ። 30 ሳይሆን 10 በመቶ ይሁን፣ ቀሪው ሥራው በሚታይ ደረጃ ላይ ሲደርስ እየተከፈለ ይሂድ። የከፈልከው የሥራ ክፍል ያንተ ንብረት መሆኑ፣ የጀልባው መለያ ቁጥርም ተጠቅሶ፣ ውሉ ላይ ይጻፍ። ርክክቡ ከተባለው ቀን ይህን ያህል ሳምንት ካለፈ ገንዘብህን ሙሉ በሙሉ ይዘህ የመውጣት መብት ይኑርህ። መጨረሻ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ በእጅህ ቆይቶ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ተፈትኖ ጉድለቱ ከተስተካከለ በኋላ ይከፈል። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ነው የሚለው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በብዙ ሕግ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ሊያጣው ይችላል።

የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም ፈልግ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ከኋላ ይቀመጣል። ወደ አሜሪካ በሚገባ አሉሚኒየም ላይ የተጣለውን ታሪፍ ብቻ ብታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 10 በመቶ ነበር፤ በማርች 2025 25 በመቶ፣ በጁን ደግሞ 50 በመቶ ደረሰ። በሰባት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ማን ይሸከመዋል? ውሉ ዝም ካለ ወይም «ፋብሪካው ዋጋ ከጨመረ ገዢው ይከፍላል» ካለ፣ አንተ ነህ። ወይ ዋጋው እንዳይለወጥ ተቆርጦ ይጻፍ፣ ወይ ጭማሪው ከተወሰነ መቶኛ ካለፈ ቀብድህን ይዘህ የመውጣት መብት ይጻፍ።

መልስ፦ ነፋሻ

የሁለቱም ምክር ጥሩ ነው፤ የብድሩን ነገር ግን ማንም አላነሳም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የጀልባ ብድር እስከ 20 ዓመት ይዘረጋል። የወር ክፍያው ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይወዳል። በ8 በመቶ ወለድ አስላው። 20 ዓመት ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ከተበደርከው 100 እጅ 87 እጅ ተኩል ያህል ገና አልተከፈለም። 10 ዓመት ከሆነ በዚያው ጊዜ ወደ 60 እጅ ወርዷል። አዲስ ጀልባ ደግሞ ዋጋው የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሥራህን አጥተህ ልሽጠው ብትል፣ ጀልባው የሚያወጣው ገንዘብ ዕዳህን ላይዘጋ ይችላል። አንተ ግማሹን በእጅህ ይዘሃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በረጅም ብድር አታባክነው።

ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ካለህ አትመልስ። በዋጋው ተስማሙ፤ ብድሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከራስህ ባንክ የተፈቀደልህን ወለድ በወረቀት ይዘህ ብትሄድ፣ የእሱ አበዳሪ ከዚያ ዝቅ እንዲል መጠየቅ ትችላለህ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው አረጋግጥ።

ልተወው ወይ ላልከው፦ ከግዢው በኋላ የስድስት ወር የቤት ወጪና የብድር ክፍያ በእጃችሁ ካልቀረ፣ አዎ፣ ለጊዜው ተወው። ለኢንሹራንስ፣ ለማቆሚያና ለጥገና ብዙ ባለጀልባዎች በየዓመቱ የዋጋውን 10 በመቶ ገደማ ይመድባሉ፣ እሱንም ጨምርበት። ጀልባ ሁልጊዜ ይገኛል።

መልስ፦ መካኒኩ

የቆመውን ከመረጥክ አንድ ነገር አትዘንጋ፤ ቆሞ የከረመ አዲስ ሞተር እንደ አዲስ አይቆጠርም። ውሃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ በአንድ አቋም ተጣጥፎ ይደርቃል። ታንኩ ውስጥ ነዳጅ ቀርቶ ከሆነ አርጅቷል፣ ኢታኖል ያለበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ስቧል። ባትሪው ባዶውን ከርሞ ከሆነ ቢሞላም ብዙ አይቆይም። ሦስቱን በሻጩ ወጪ እንዲቀይርልህ ጠይቅ፤ ለእሱ ትንሽ ወጪ ነው፣ ውሃ መሃል ለቀረ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የሞተሩ ዋስትና ከጀልባው የተለየ ወረቀት ነው። ዛሬ ባንተ ስም ተመዝግቦ ከዛሬ እንደሚጀምር ከፋብሪካው በጽሑፍ ይምጣልህ። ሞተር ሠሪም ከገበያ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ቢአርፒ የተባለው ኩባንያ የኤቪንሩድ ሞተር ማምረት አቆመ። ዋስትናውን እንደሚያከብርና መለዋወጫ ማቅረብ እንደሚቀጥል ገልጾ ነበር፤ ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም። አቅራቢያህ መለዋወጫ የሚገኝለት ሞተር ይሁን።

ሳትፈርም ውሃ ላይ አውጣው፣ ነገር ግን ከሻጩ ጋር ብቻህን ሆነህ አይደለም። ቤተሰብህን አሳፍር፣ ነዳጁን አስሞላ፣ ሁልጊዜ የምትጭነውን ያህል ጫን። ከዚያ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጠውና የዙር ቆጣሪውን አንብብ። ፋብሪካው ለምሳሌ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ካለ፣ ከ5,000 በታች የሚቀር ሞተር ፕሮፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ከብዶታል። እንዲያ እየሠራ ከኖረ ሞተሩ ይጎዳል። የፕሮፔለሩን እርምጃ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚችለውን ርቀት፣ በአንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይመልሳል። ትክክለኛው ፕሮፔለር እስኪገጠም አትፈርም፤ ከፈረምክ በኋላ የምትገዛው አንተ ነህ።

ባለመቅዘፊያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ዓርብ ያለፈ ቢሆንም ሻጩ ምንም አላለም። ቁጥሩን አነበብነው፤ መጨረሻው ኤፍ324 ነው። እንደተነገረኝ ብቆጥር ጁን 2023 የተሠራ የ2024 ሞዴል ነው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ሻጩ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ 11 በመቶ አለ። እኔ 18 ብያለሁ። አሁን 13 ላይ ነን፤ ተጎታቹን በነጻ እጨምራለሁ ይላል። ባለቤቴም ስለ ቀለሙ መጨነቅ ትታለች፤ የሰማያዊ ውሃን ታሪክ ካነበበች ወዲህ ቀብድ የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም። ተጎታቹን ልቀበል ወይስ ዋጋው ላይ ልግፋ?

መልስ፦ ነፋሻ

ዋጋው ላይ ግፋ። የምትበደረው ይቀንሳል፣ ወለድም ይቀንሳል።

መልስ፦ የወደብ ሰው

እዚህ ላይ ከነፋሻ እለያለሁ። ተጎታች ለማንኛውም የምትገዛው ነገር ነው፤ አንተ ከሌላ ቦታ የምትከፍልበትና እሱን የሚያስወጣው እኩል አይደሉም። ለእሱ መስጠት የሚቀለው ዕቃ ነው። 13 ላይ ቆመህ ተጎታቹን፣ መካኒኩ ያላቸውን ሦስት ነገሮችና ፕሮፔለሩን ውሰድ። ተጎታቹ ግን የጀልባውን፣ የሞተሩንና የሙሉ ነዳጁን ክብደት እንደሚችል ሰሌዳው ላይ አንብብ። በነጻ የሚሰጥ ተጎታች አንዳንዴ አንድ ደረጃ ያንሳል።

ከዚያ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቅህ በፊት አንድ ወረቀት ጠይቅ። ያ ጀልባ ሁለት ዓመት በብድር የቆመ ከሆነ አበዳሪው አሁንም መያዣ ይኖረዋል። ሻጩ ያንተን ገንዘብ ተቀብሎ ለአበዳሪው ሳያደርስ ቢቀር፣ አበዳሪው ወደ ጀልባው ሊመጣ ይችላል፤ ቢያንስ ባለቤትነትህን እስክታስመዘግብ ብዙ ያንገላታሃል። በመለያ ቁጥሩ የተጻፈ የዕዳ ነጻ ደብዳቤ ከአበዳሪው ይምጣ፣ ወይም ባንክህ ቀሪውን በቀጥታ ለአበዳሪው ይክፈል። ሁለተኛው ይሻላል።

ባለመቅዘፊያ

ሁለተኛውን ለባንኩ ጠየቅኩ፤ ይቻላል አሉኝ። ብድሩን 10 ዓመት አድርገነዋል። ሐሙስ ቤተሰቡ አራታችንም ተሳፍረን ውሃ ላይ እንፈትነዋለን፣ የዙር ቆጣሪው ያነበበውን እዚሁ እጽፋለሁ።