64 በ64 ፖፕሊን ቆርጬ 10 ሜትር ባያስ አልሞላልኝም
ሰላም የስፌት ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ለ4 ሽርጥ ጠርዝ 10 ሜትር ባያስ (በሰያፍ የሚቆረጥ የጠርዝ ጥብጣብ) እፈልጋለሁ፤ ሲቆረጥ 4 ሳንቲም፣ ታጥፎ ሲሰፋ 1 ሳንቲም የሚወጣው። 1000 በ4 ሲባዛ 4000፣ ስኩዌር ሩቱ 63 ከምናምን ስለሆነ 64 በ64 ቆረጥኩ። በሰያፍ ለሁለት ከፍዬ፣ በቀጥታው ጠርዝ ገጥሜ፣ በየ4 ሳንቲሙ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ አንድ መስመር አዛንፌ እንደ እጅጌ ሰፋሁት። ተቆርጦ ሲለካ 9 ሜትር ከ50 ገደማ ብቻ!

የጠረጠርኩት ስፌቱን ነው። በየጎኑ 7 ሚሊሜትር ተኩል ትቻለሁ፤ ጥብጣቡ ስፌቱን በሰያፍ ስለሚያልፈው እያንዳንዱ መጋጠሚያ 2 ሳንቲም ያህል ይበላል፣ መጋጠሚያው ደግሞ በ11 መስመር ሁለት ሁለት፣ 22 ነው። በዚያ ላይ ከሰያፍ ጠርዝ እስከ ሰያፍ ጠርዝ 45 ሳንቲም ስለሆነ 11 መስመር ወጥቶ 1 ሳንቲም ከምናምን ትርፍ ተጣለ።

68 ብቆርጥ 12 መስመር ልክክ ብሎ ይወጣል፣ 11 ሜትር ይሰጣል። ጠመኔው ወፈር ካለ ግን 12ኛው ይጠባል፣ የሚቀረኝም 10 ሜትር ከጥቂት ነው። 70 ላድርገው ወይስ ስፌቱን ወደ 5 ሚሊሜትር ላጥብበው? ፖፕሊኑ ጫፉ ቶሎ ይተረተራል። የቀረኝ 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ይሄ ቀለም ደግሞ እዚህ ገበያ አልቋል።