የእናቴ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ወጪ በዛብን፤ ምን ማድረግ ይቻላል? (ኮምቦልቻ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 62 ዓመቷ ነው፣ ክትትሏ በግል ክሊኒክ ነው። የወር ማዘዣዋ ይኸውና፦ ኖርቫስክ 10 ሚ.ግ በቀን 1፣ ግሉኮፋጅ 500 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ፣ በቅርቡ ደግሞ እግሯ ስላበጠ ላዚክስ 40 ሚ.ግ። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ራሷ ትገዛለች። የትኛው ላይ ነው ወጪ የሚቀነሰው?

ጦሳ፦ አብሽሪ እህቴ። ዋጋ ስትጠይቂ የአንዱን ፍሬ ጠይቂ፤ እሽጉ አንዱ ጋ 10፣ ሌላው ጋ 14 ስለሚይዝ ጥቅሉን ማወዳደር ያሳስታል። ለ30 ቀን ግሉኮፋጅ 60 ፍሬ፣ ኖርቫስክ 30 ፍሬ ነው። ሁለቱም የንግድ ስም ናቸው፤ የግሉኮፋጅ ውስጡ ሜትፎርሚን (ለስኳር)፣ የኖርቫስክ ደግሞ አምሎዲፒን (ለግፊት) ነው። ርካሹን አቻ መምረጥ እንድትችዪ ሐኪሙ በዚህ ስም እንዲጽፍ ጠይቂ። ማዘዣው የእናትሽ ነው፤ ክሊኒኩ አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት የመግዛት ግዴታ የለም፣ ደሴም ወጥተሽ ፈቃድ ካለው መግዛት ትችያለሽ። ብቻ «ኤክስ አር» የሚል ሜትፎርሚን መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ስለሆነ አይፈጭም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በተለመደው ሜትፎርሚን አይቀየርም።

ቦርከና፦ ከዋጋው በፊት ማዘዣው ራሱ ይታይ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ በ10 ሚ.ግ ደግሞ ይብሳል። እብጠቱ ከሱ ከሆነ የሚመጣው ከጥቃቅን የደም ሥሮች በሚያፈተልክ ፈሳሽ እንጂ ሰውነት ውኃ አጠራቅሞ አይደለም፤ ስለዚህ በሽንት ውኃ የሚያስወጣው ላዚክስ እምብዛም አይፈታውም። ይልቅ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ለሱም የላቦራቶሪ ወጪ ይመጣል። ዲክሎፌናክም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ይጎዳል፤ ኦሜፕራዞሉም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ዲክሎፌናክ ከላዚክስ ጋር ሲደረብ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይከብዳል። አየሽ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው። ሐኪሙን እንዲህ በይው፦ «እብጠቱ ከአምሎዲፒን ነው ወይ? መጠኑ ወርዶ ሌላ የግፊት መድኃኒት ቢታከልስ?» እግር ግን በልብና በኩላሊትም ያብጣል፤ ሳይመረመሩ ምንም እንዳታቋርጡ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመማቸው ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሰኞ ገበያ፦ አምሎዲፒኑን 10 ሚ.ግ ገዝቶ ለሁለት መክፈልስ? ርካሽ ይመስለኛል።

ጦሳ፦ መሐሉ ላይ መስመር ካለውና ሐኪሙ «ግማሽ» ብሎ ከጻፈ ይቻላል። ለእኚህ እናት ግን አሁን 10 ነው የታዘዘላቸው፤ በራስ ፈቃድ ግማሽ ማድረግ ቁጠባ አይደለም። በርካሽ ተብሎ ያለ ማሸጊያ የሚሸጥ ፍሬም አትግዙ፤ ባች ቁጥር (የምርት መለያው) እና የሚያበቃበት ቀን ማሸጊያው ላይ መነበብ አለበት።

ፒያሳ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያ ማዞር ነው፤ መድኑ የግል ክሊኒክ አይሸፍንም። ካልተመዘገቡ ቀበሌ ጠይቁ፣ መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል። ደሴ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ካስፈለገ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ይጻፍላችሁ፣ ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መድኃኒቱ እዚያ ካለቀ፣ ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በግል ገዝቶ ደረሰኝ ማቅረብ ብዙ ያመላልሳል።

ጠያቂ፦ ዲክሎፌናኩን ብታቆም ለጉልበቷ ምን ትውሰድ?

ቦርከና፦ ጉበታቸው ደህና ከሆነ ፓራሲታሞል ይሞከራል፤ 500 ሚ.ግ ከሆነ በአንድ ጊዜ 2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ ቀጭን ከሆኑ መጠኑ ይቀንሳል። የጉንፋን ኪኒንም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለበት፣ አብራችሁ ቁጠሩት። ለቀጠሮው የሚወስዱትን ሁሉ፣ ዲክሎፌናኩንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።