ልብሱን ሳይመኙ የፋሽን መጽሔት መውደድ፦ ምኑን ልይ?

ገጽ_ወዳድ
ሰላም ለቤቱ። እንደ ቮግና ሃርፐርስ ባዛር ያሉ መጽሔቶችን ማገላበጥ እወዳለሁ፤ ልብሱን ልግዛው፣ ልልበሰው የሚል ሐሳብ ግን አጠገቤም አይደርስም። «ታዲያ ምን ይሠራልሻል?» ለሚለው መልስ አልፈለግኩም። የምፈልገው ከ«ዋው፣ ያምራል» አልፌ ማየት ነው። አንድ የፋሽን ፎቶ ፊቴ ሲሆን ከምን ልጀምር? ከድሮዎቹ የትኞቹን ባይ ዓይኔ ይሠለጥናል? የታተመውን ቅጂስ እንዴት ነው የሚያስቀምጡት? እህታችሁ ነኝ፤ የምታውቁ አካፍሉኝ።

ብርሃን_ለቃሚ
እህት ዓለም፣ ከብርሃኑ ጀምሪ፤ ልብሱ ይቆየን። መጀመሪያ የሞዴሏን ዓይን በአጉሊ መነጽር እዪው። ብሌኑ ላይ ያለችው ነጭ ነጸብራቅ መብራቱ ምን ቅርጽ እንደነበረውና የት እንደቆመ ትናገራለች። አራት ማዕዘን ከሆነች መስኮት ወይም ሶፍትቦክስ (በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን መሰል የስቱዲዮ መብራት) ነው። ክብ ሆና ወደ ላይ ከፍ ካለች ከራስ በላይ የተሰቀለ ክብ መብራት ነው። መሃሏ ባዶ ሆኖ ብሌኑ መካከል ከተቀመጠች ደግሞ ሌንሱን የሚከበው የቀለበት ፍላሽ ነው፤ ያን ጊዜ ሞዴሏ ወደ ግድግዳ ተጠግታ ከሆነ በዙሪያዋ ስስ ጥላ እንደ ኩል ተስሎ ታገኚዋለሽ።

ብሌኑን ብቻ ግን አትመኚ። ፎቶ የሚያስተካክሉት ሰዎች ነጸብራቁን ሊያጠፉት ወይም ከሁለት አንዱን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ በአፍንጫዋ ጥላ አረጋግጪ፦ ከአፍንጫ ሥር ቀጥ ብሎ ከወረደ መብራቱ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ነው የቆመው፤ ወደ ጉንጭ ከተጋደመ ከጎን ነው። ቀጥሎ የጥላው ጠርዝ። ጥርት ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ምንጩ ትንሽ ወይም ሩቅ ነው፤ የቀትር ፀሐይ እንዲህ ናት። ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ከሆነ ምንጩ ሰፊና ቅርብ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ለስላሳን ከደካማ ጋር ያምታታል። ልስላሴ የሚመጣው ከምንጩ ስፋት ነው፤ የመብራቱ ጉልበት አይመለከተውም።

ለልምምድ ከፎቶ አንሺው ኧርቪንግ ፔን የተሻለ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ውስጥ ለቮግ የኦት ኩቱር (በልክ፣ በእጅ የሚሰፉ የፋሽን ቤቶች) ልብሶችን ሲያነሳ የሰሜን ብርሃን የሚገባበት የላይኛው ፎቅ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ከጀርባ ከቴአትር ቤት የተጣለ አሮጌ መጋረጃ ሰቅሎ ነው። ከኋላ ዓይን የሚሰርቅ ነገር ስለሌለ የትከሻና የወገብን መስመር ከመከተል በቀር ምርጫ የለሽም። ቤትሽ ልትሞክሪው ካሰብሽ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ «በሰሜን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አይገባም» የሚለው ሕግ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚያ ወራት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፈልጊ።

ጥንድ_ገጽ
የብርሃን ለቃሚ ምክር ጥሩ ነው፤ ግን አንድን ፎቶ ነጥሎ ማየት የኤግዚቢሽን ልማድ ነው። መጽሔት በተርታ ነው የሚታየው። ከመሃሉ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ማስታወቂያ ሳያቋርጠው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ገጽ የሚሄድ የፎቶ ታሪክ ታገኛለሽ። ነጭ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ጥንድ ገጽ 6 በ4 ሴንቲ ሜትር ሳጥን አስምሪና መሃሉን ክፈዪው። ፊትም ልብስም አትሳዪ። ጨለማውን ቦታ በእርሳስ አጥቁሪ፣ ነጩን ተዪው፣ ሰውነቱ የሚያጋድልበትን አቅጣጫ በአንድ መስመር አመልክቺ። ሳጥኖቹን ጎን ለጎን ስታዪአቸው ሙሉ ቁመና የት እንደመጣ፣ ፊት ብቻ የት እንደገባ፣ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ገጽ የት እንደተተወ ወዲያው ይገባሻል። ሦስት ሙሉ ቁመና በተከታታይ፣ በተመሳሳይ መጠን ካገኘሽ ገጹን ያቀናበረው ሰው ሰንፏል ማለት ነው (ወይም ልብስ ያስታወቀው ድርጅት ልብሱ ከላይ እስከ ታች እንዲታይለት ፈልጓል፤ ይህም ያጋጥማል)።

የዚህ ሥራ አባት አሌክሲ ብሮዶቪች ነው፤ ከ1934 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. የሃርፐርስ ባዛር አርት ዳይሬክተር (የገጾቹን መልክ የሚወስነው ሰው) ነበር። ፎቶዎቹን በተለያየ መጠን አባዝቶ ወለል ላይ ይዘረጋና ቦታቸውን እያለዋወጠ ነበር ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው። ነጭ ቦታ አይፈራም፤ ጽሑፉንም በምስሉ ቅርጽ ይቆርጠዋል። ሞዴሏ ካጋደለች አምዱም አጋድሎ ታዪዋለሽ። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1933 እ.ኤ.አ. እትም፣ ፎቶ አንሺው ማርቲን ሙንካቺ በባሕር ዳርቻ የምትሮጥ ሴት አንስቶ ነበር። እስከዚያ ሞዴል ማለት በአብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ደርቃ የምትቆም ነበረች።

አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ከፈለግሽ ፎቶ አንሺው ሪቻርድ አቬዶን በነሐሴ 1955 እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ ሲርክ ዲቬር በተባለው የሰርከስ ቤት ያነሳውን ውሰጂ፦ ሞዴሏ ዶቪማ በዝሆኖች መሃል፣ የዲዮር ጥቁር ቀሚስ ከነጭ መቀነት ጋር ለብሳ። እጆቿ ወዲህና ወዲያ ተዘርግተዋል፤ የዝሆኖቹ ቆዳ የተሸበሸበ፣ ቀሚሱ ልሙጥ ነው፤ እግራቸው ደግሞ ታስሯል። አሁን መቀነቱን ብቻ ተከተዪ። አቬዶን ራሱ ከዓመታት በኋላ፣ መቀነቱ ወደ ግራ ነፍሶ የምስሉን መስመር እንዲያሟላ ያላደረገው ለምን እንደሆነ እንዳልገባው ተናግሯል። ጣትሽን ምስሉ ላይ አድርገሽ መቀነቱን ወደ ግራ ዘርጊው፤ የጎደለውን ታገኚዋለሽ።

ሁለቱ ገጾች መሃል ላይ የሚገናኙበትን ማጠፊያም አትርሺ። በሙጫ የተጠረዘ ወፍራም መጽሔት ከሁለቱም ገጾች ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይውጣል። ፊት እዚያ ላይ ከወደቀ አፍንጫው ይጠፋል፤ ዓይኖቹ ይቀራረባሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሰማይ ወይም ግድግዳ ማጠፊያው ላይ ያስቀምጥና ፊቱን ወደ አንዱ ገጽ ይገፋዋል።

ከእኛ ልጅ ጋር መሥራት ካማረሽ ሞዴሏን ሊያ ከበደን ያዢ። የግንቦት 2002 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ቮግ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ለእሷ የተሰጠ ነው። የሐምሌ 2008ቱ የጣሊያን ቮግ ደግሞ ስቲቨን ማይዝል ጥቁር ሞዴሎችን ብቻ ያነሳበትና ሽያጩ በዝቶ እንደገና የታተመው ነው፤ ከአራቱ የሽፋን ፊቶች አንዷ እሷ ናት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጊና አንድ ፊት በብርሃኑ ብቻ ምን ያህል እንደሚቀያየር እዪ።

ሒሳብ_አወራራጅ
ሁላችሁም የጥበብ ሰው ሆናችሁ፤ እኔ ገንዘቡን ልናገር። የመስከረም እትም ሲደርስሽ ከፊት ያሉትን 40 ገጾች ሳትዘዪ ቁጠሪና የማን ማስታወቂያ እንደሆነ ጻፊ። የጀርባ ሽፋንና ወደ ፊት የቀረበ የቀኝ ገጽ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ከዚያ ኋላ ባሉት የፎቶ ታሪኮች ግርጌ ያለውን፣ ልብሱ የማን እንደሆነ የሚናገረውን ትንሽ ጽሑፍ ከዝርዝርሽ ጋር አስተያዪ፤ ብዙ ስም ይገጥማል። የአሜሪካው ቮግ የመስከረም 2012 እትም 916 ገጽ ነበር፤ አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ግን አትናቂው። ያው ፎቶ አንሺዎች ናቸው የሚያነሱት፣ አንዳንዴም በተሻለ በጀት።

መቀስና_ክር
«ልብሱን ተዪው» የሚለው አይዋጥልኝም። ሳይመኙትም ልብስ ማየት ይቻላል፤ እንዴት እንደተቆረጠ በማየት። ጨርቁ ከክሩ በ45 ዲግሪ አጋድሎ ከተቆረጠ (የፈረንሳይዋ ልብስ ቀያሽ የማድሌን ቪዮኔ ስም የሚነሳበት አቆራረጥ ነው) ዳሌ ላይ ያለ ማጥበቢያ ስፌት ይጣበቃል፤ ነጸብራቁም ሰውነቱን እየዞረ ይወርዳል። በቀጥታ ክር ከተቆረጠ እጥፋቱ እንደ ቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። የእኛ ሸማ ለዚህ አይመችም፤ ጥለቱ ጠርዙ ላይ የተሸመነ ስለሆነ አጋድለሽ ስትቆርጪው ጥለቱ ይበጣጠሳል። ሐበሻ ቀሚስ ቀጥ ብሎ የሚወርደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው፣ ለፎቶ የሚላከው ናሙና ልብስ በአንድ መጠን የተሰፋ ነው። ሞዴሏ ከቀጠነች ከጀርባ በመቆንጠጫ ወይም በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ከብብት ወይም ከወገብ ጎን ተነስተው ወደ ኋላ የሚሳቡ ቀጫጭን ሽብሽብ መስመሮች ካየሽ መቆንጠጫው እዚያ ነው። ያን መስመር ማየት ከለመድሽ «እንዴት ልክክ አለላት!» ማለት ታቆሚያለሽ።

ገጽ_ወዳድ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይኸ ለወራት ይበቃኛል። የማስቀመጡን ነገር ማንም አልመለሰልኝም እኮ! ገጾቹ ውኃ ሲነካቸው አንድ ላይ የሚጣበቁትስ ለምንድን ነው? በስካነር ሳነሳቸውም ፎቶው ላይ የማዕበል መስመር ይወጣል።

ወረቀት_ጠባቂ
የሚያብረቀርቀው ወረቀት በላዩ ነጭ የሸክላ አፈር ሽፋንና ማያያዣ አለው። ውኃ ሲነካው ማያያዣው ይላላል፤ ተደራርቦ ሲደርቅ ገጾቹ አንድ ግንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መለያያ የለውም። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ነው የሚደረሰው፦ ገጽ በገጽ ለይተሽ በየመሃሉ የማይጣበቅ የመጋገሪያ ወረቀት አስገቢ፣ በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር አድርቂ። የፀጉር ማድረቂያና ፀሐይ ወረቀቱን ያጣምማሉ። ጊዜ ካጣሽ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ሲቀዘቅዝ መጣበቁም ሻጋታውም ይቆማል፤ በኋላ ቀስ ብለሽ ትሠሪበታለሽ። ይህ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይቀድምሻል።

ለማስቀመጥ፦ መጀመሪያ የሽቶ ናሙና ያለባቸውን ቅጠሎች አውጪ፤ ዘይቱ ወደ ጎረቤት ገጾች ይሻገራል። የፒቪሲ ላስቲክ አትጠቀሚ፤ እያደር ቀለሙ ላይ ይለጠፋል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤስተር ይሁን። ጎማ ማሰሪያም አይሁን፤ ይቀልጥና ቢጫ ይተዋል። ወፋፍራሞቹን አስተኝተሽ ደርድሪ፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ገጾቹ በክብደታቸው ከጀርባው ሙጫ ይላቀቃሉ። አዲስ ወፍራም እትም ስትከፍቺ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያፈራረቅሽ ወደ መሃል ግቢ። በአንዴ መሃሉን ከዘረጋሽው ሙጫው ይሰነጠቃል።

ገጽ ማውጣት ከፈለግሽ የጥራዙን ዓይነት እዪ። በሙጫ ከሆነ ቅጠሉ ለብቻው ስለሆነ በብረት ማስመሪያና በከተር ከማጠፊያው 5 ሚሊ ሜትር ርቀሽ ቁረጪ። በሽቦ የተሰፋ ከሆነ ግን ወረቀቱ ማዶ ካለው ገጽ ጋር አንድ ነው፤ አንዱን ስትነቅዪ ሌላው ይረግፋል። ስትለጥፊ ነጭ ፈሳሽ ማጣበቂያ አይሁን፤ ውኃው ወረቀቱን ያጨማድደዋል።

የማዕበሉ መስመር የሚመጣው ከኅትመቱ ነጥቦች ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ብታዪው ምስሉ የሰማያዊ፣ የቀይ፣ የቢጫና የጥቁር ነጥብ ድርድር ነው፤ ነጥቦቹ በተለያየ ማዕዘን ስለተሰለፉ ትንንሽ ክብ አበቦች ይሠራሉ። የስካነሩ ፍርግርግ ከዚያ ድርድር ጋር ሲጋጭ ማዕበል ይወጣል። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የነጥብ ብዛት) ስካን አድርጊ፣ ሶፍትዌሩ «ዲስክሪን» የሚል፣ የኅትመት ነጥቦችን የሚያለዝብ ምርጫ ካለው ክፈቺው፣ ከዚያ ወደ 300 አሳንሺው። ከገጹ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አድርጊ፤ አለበለዚያ የኋለኛው ገጽ ምስል ሰርጎ ይታያል። በነጭ ፊደል ጠርዝ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ መስመር ካየሽ ደግሞ ስካነርሽን አትውቀሺ፤ ሲታተም ቀለሞቹ ሳይገጣጠሙ ቀርተው ነው።

ሒሳብ_አወራራጅ
ለመግዛት ከመሯሯጥሽ በፊት፦ አሜሪካ ከሆንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጪና ሊቢ የሚባለውን አፕ ጫኚ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ቮግን እዚያ ላይ በነፃ ይሰጣሉ፤ ለመጽሔት ወረፋ የለውም። ሌላ አገር ካለሽ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሃርፐርስ ባዛር ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነፃ የድረ ገጽ ቤተ መጻሕፍት ላይ ፈልጊ፤ ፎቶ ሳይሆን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው፣ የጥላው መስመሮች እያንዳንዳቸው በእጅ የተቀረጹ።