ባሕር ዳር ላይ ጌም ለምትጫወቱ፦ የት፣ ምን፣ በምን?

ከወዳጆቼ በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ባሕር ዳር ላይ ጌም የት ልጫወት? ምንስ ልጫወት?» ይሉኛል። የኔ መልስ ሁሌም ከቤቱ ይጀምራል። መጀመሪያ ቤቱን ምረጡ፣ ጌሙ ቀጥሎ ይመጣል። አዲስ ማሽን ላይ በተበላሸ ጆይስቲክ ከመጫወት፣ አሮጌ ማሽን ላይ በደህና ጆይስቲክ መጫወት በብዙ ይሻላል። ብዙ ሰው በሩ ላይ «ፒኤስ 5» (ፕሌይስቴሽን 5) የሚል ጽሑፍ ሲያይ ዘው ብሎ ይገባና ተናዶ ይወጣል።

የከተማችንን ጌም ቤቶች እኔ በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

አንደኛው ሰፈር ውስጥ ያለው ትንሹ ቤት ነው። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቲቪ፣ ደጅ ላይ አንዳንዴ ጆተኒ። ማሽኑ ፒኤስ 2 ወይም ፒኤስ 3 ነው። ዋጋው ከሁሉም ይቀንሳል። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ፣ ፔዳና ፖሊ በር ላይ ተማሪ የሚሞላው ቤት ነው። እዚያ ፒኤስ 4 ይበዛል። ሦስተኛው ሶፋ ያለው፣ ለስላሳ የሚታዘዝበት፣ በሰዓት የሚከፈልበት ቤት ነው። ፒኤስ 5 የምታገኙት እዚህ ነው።

የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ለኳስ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ማሽኑ ሳይሆን ተጋጣሚው ነው። ግቢ በር ላይ ዓርብ ከሰዓት ብትገቡ በደንብ የሚፈትናችሁ ሰው አታጡም። ሦስተኛው ቤት ከጓደኛ ጋር ረጋ ብሎ ለመቀመጥ ነው፤ ከማታውቁት ሰው ጋር የምትጋጠሙበት ዕድል ጠባብ ነው። ሰፈር ያለው ትንሹ ቤት ደግሞ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ልጆቹ ያስተምራሉ፣ ማንም አይቸኩልም።

አሁን ወደ ጆይስቲኩ ልምጣ፤ ሰው ገንዘቡን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ሳትከፍሉ በፊት ይዛችሁ ፈትኑት። ሜኑ ላይ እያላችሁ አውራ ጣታችሁን ከስቲኩ ላይ አንሱ። ምርጫው በራሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እየሸሸ ከሄደ ስቲኩ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጆይስቲክ ላይ ተከላካያችሁ ሳታዙት ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ቀጥሎ ማሯሯጫውን ተጭናችሁ ያዙት፤ ከሁለቱ የኳስ ጌሞች ፔስ ላይ አር 1፣ ፊፋ ላይ አር 2 ነው። ተጫዋቹ ሮጥ ቆም፣ ሮጥ ቆም ካለ ሌላ ጠይቁ። ጥሩ ባለቤት አያኮርፍም፣ ወዲያው ይቀይርላችኋል። የማይቀይር ከሆነ ውጡ፤ ጌም ቤት ሞልቷል።

ቲቪውንም እዩት። ተጭናችሁ ተጫዋቹ ዘግየት ብሎ ከመታ ጥፋቱ የማሽኑ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ዘመናዊ ቲቪ «ጌም ሞድ» የሚባል ማስተካከያ አለው። እሱ ሲበራ መዘግየቱ ይቀንሳል። ቤቱን የሚጠብቀውን ልጅ «ጌም ሞድ አብራልን» በሉት፤ ልዩነቱን እጃችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። በጨዋታ ከሆነ ደቂቃውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፔስ ላይ 10 ደቂቃ ሲባል የሙሉው ጨዋታ ርዝመት ነው። ፊፋ ላይ 6 ደቂቃ ሲባል ግን የአንዱ አጋማሽ ነው፤ ጨዋታው 12 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። «የተሸነፈ ይከፍላል» የምትባለው ደንብ ደግሞ ለጀማሪ ከባድ ናት። ከጓደኛ ጋር ስትሄዱ መጀመሪያ እኩል ለመክፈል ተስማሙ። መብራት ቢሄድ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆንም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት የቀረውን ጊዜ ይይዝላችኋል፣ አንዳንዱ አይዝም።

እሺ፣ ቤቱ ተመረጠ። ምን እንጫወት?

ኳስ ከሆነ ጥያቄው ያው የድሮው ነው፤ ፔስ ወይስ ፊፋ? ስማቸው ሁለቱም ተቀይሯል። ፔስን የሚሠራው ኮናሚ በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ብሎታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ፊፋም ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። እኛ ግን አሁንም ፔስና ፊፋ ነው የምንለው፣ እኔም እንደዚያው እቀጥላለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሸጋገሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፔስ ላይ ጎል የሚመታው በካሬው ነው፣ ፊፋ ላይ በክቡ። ፔስ የለመደ ሰው ፊፋ ላይ ተቀምጦ ከበረኛ ጋር አንድ ለአንድ ሲገናኝ ካሬውን ይጫናል፤ ኳሷም ተሻምታ ትሄዳለች። መፍትሔ አለው። ፊፋ ሴቲንግ ውስጥ «አልተርኔት» የሚል የቁልፍ አማራጭ አለ። እሱን ስትመርጡ ቁልፎቹ እንደ ፔስ ይሆናሉ።

የኔ ምርጫ አሁንም ፔስ 2013 ነው። ሽፋኑ ላይ ሮናልዶ ያለበት። ግራፊኩ አርጅቷል፣ አልክድም። ነገር ግን ኳሷ ከእግር ላይ ትለያለች፣ ክብደት አላት፣ ቅብብሉን በራሳችሁ አቅጣጫና ኃይል መስጠት ትችላላችሁ። ደካማ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ሳይንተፋተፍ ይሠራል። ከዚያም በላይ ኤዲት የሚባለው ክፍል አለ። የተጫዋቹን ስም፣ ፀጉር፣ ቁመት፣ የቡድኑን ማልያ ሁሉ መሥራት ይቻላል። ባሕር ዳር ከነማን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። አንድ ተጫዋች ላይ ገብታችሁ ፍጥነቱን ስንት ልስጠው፣ የግራ እግሩን ስንት ላድርገው ስትሉ፣ ስታዲየም ገብታችሁ ያያችሁትን ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው። «እሱ በጭንቅላት 80 አይገባውም» «እንዴት አይገባውም!» እያላችሁ ይመሻል። የጣናውን ሞገድ ከባርሴሎና ጋር አጋጥሞ ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ፔስ 6ን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ የብራዚላዊውን አጥቂ የአድሪያኖን ምት መቼም አትረሱትም። ከ30 ሜትር ቢመታው በረኛው መረብ ውስጥ ነበር የሚያገኘው። ፒኤስ 2 ያለው ቤት ካገኛችሁ አንድ ጊዜ ተመለሱበት። ፒኤስ 2 በ2000 ወጥቶ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም መኖሩ አይገርመኝም።

ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ወደ ጌም ጫኚዎቹ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው። የራሳችሁን ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጫኛውን ፋይል ጭምር አስገልብጡ፣ እዚያው ተቀምጣችሁ ጌሙን ከፍታችሁ እዩ። «ቤት ስትገባ ይከፍትልሃል» ከተባላችሁ አትቀበሉ። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ነው የሚጭነው? መልሶ ማብራቱን አረጋግጡ። ግራፊክ ካርድ ለብቻው የሌለው ላፕቶፕ ላይ ፔስ 2021 አስጭናችሁ አትቸገሩ። ፔስ 2013 ወይም ፔስ 2017 ይበቃችኋል።

ደጋግሞ የሚጫነው ሌላው ጌም ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። የ2004 ጌም ነው፣ ግን አያልቅም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ ብዙ ከበላ ይወፍራል፣ ጂም ከገባ ጡንቻ ያወጣል። ሦስት ትልልቅ ከተሞች፣ በመካከላቸው ገጠርና ተራራ አለ። «ሄሶያም» የምትለዋን ኮድ በጣቱ የማያውቅ የኔ ዕድሜ ሰው የለም፤ ጤና፣ ጥይት መከላከያና 250,000 ዶላር ትሰጣለች። አሁን ስትመለሱበት ያለ ኮድ ሞክሩት። ታሪኩን ያኔ ያየነው አይመስለኝም፤ መኪና ስንሰርቅ ነበር የከረምነው። ወላጆች ግን ይህን እወቁ፦ ጌሙ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ግድያውም ስድቡም አለበት። ለትንንሽ ልጆች አታስጭኑ።

ካሉት ሁሉ አጥብቄ የምጠቁማችሁ ግን ከተማ እየገነባችሁ ጦር የምትመሩበትን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን ነው። ጌሙ የወጣው በ1999 ነው። በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ጭማሪ ሲመጣለት ኢትዮጵያ ገባችበት። ሲጫኑላችሁ ይህ ጭማሪ እንዳለበት ጠይቁ፤ ኢትዮጵያን የምታገኙት ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ወታደሩን ስትነኩት በአማርኛ ይመልስላችኋል። መጀመሪያ ስሰማው እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ነው የቀረሁት።

ኢትዮጵያን ይዛችሁ ስትጫወቱ ቀስተኞቻችሁ ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ። ልዩ ወታደራችሁ ሾተል የያዘው ነው። ከግንቡ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ምቱ ከባድ ነው፣ ጥሩሩ ግን ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ብቻውን አትላኩት። ፊት ለፊት ጦረኞችን አስቀድሙ፣ ከኋላ ቀስተኞችን አሰልፉ፣ ሾተለኞቹን ከጎን አስገቡ። ከዘመን ወደ ዘመን በተሻገራችሁ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይጨመርላችኋል፤ ያቺን ወርቅ ቀስተኞች ላይ አውሏት። የዮዲት ዘመቻ ደግሞ ለብቻው አለ። ከልጅነታችን በተረት የምናውቃትን ንግሥት ራሳችሁ ትመሯታላችሁ። ታሪኩ የጌም ታሪክ ነው፣ መጽሐፍ አይተካም። ቢሆንም አክሱም የሚለውን ስም ካርታ ላይ እያዩ ጦር ማሰለፍ ልብ ይሞላል። ሲቪላይዜሽን የሚባለውን የምትወዱም አላችሁ። አምስተኛው ላይ ኃይለ ሥላሴ፣ ስድስተኛው ላይ ምኒልክ አሉ፣ ሁለቱም በአማርኛ ያናግሯችኋል። እሱ ግን ጠንከር ያለ ላፕቶፕና ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል። ፈተና ሲቃረብ አትጀምሩት፤ «አንድ ዙር ብቻ» እያላችሁ ይነጋል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትከፉ። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ፕሌይስቴሽን፣ የፒኤስፒን ጌሞች አንድሮይድ ላይ ያስኬዳል። የፒኤስፒ ዲስክ ከ1.8 ጊጋባይት ስለማይበልጥ ፋይሎቹ ስልክ ላይ ብዙ ቦታ አይዙም። ከጓደኛ ስልክ ተቀብላችሁ ትጫወታላችሁ፣ ዳታ አይፈልግም። ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ ወይም መብራት በሌለ ምሽት ይህን የሚያክል የለም። ጋድ ኦፍ ዋር ቼይንስ ኦፍ ኦሊምፐስን ከዚህ ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ይጨረሳል።

የተኩስ ጌሞቹ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም። በሁለቱ መካከል ለደካማ ስልክና ለቀጭን ፓኬጅ ፍሪ ፋየር ይሻላል። 50 ሰው ነው የሚወርደው፣ ጨዋታውም ቶሎ ያልቃል። ፐብጂ ላይ 100 ሰው ነው፣ ጊዜውም ይረዝማል፤ ኔትወርክ መሐል ላይ ከተቋረጠ ያናድዳል። ኢፉትቦልም ነፃ ነው፣ እሱም ኢንተርኔት ይፈልጋል።

የአገራችን ልጆች የሠሩትንም አትርሱ። ቅኔ የሚባለው ድርጅት የሠራው ኩኩሉ ላይ ዶሮዋ ከአባራሪዋ ታመልጣለች። ለትንንሽ እህትና ወንድሞቻችሁ ከፍታችሁ ስጧቸው። ገበጣንም ስልክ ላይ አምጥተውታል። አያቶቻችን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ይጫወቱት የነበረውን ልጆቻችን በጣታቸው ሲቆጥሩት ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማሽን መግዛት ለምታስቡ የመጨረሻ ነጥብ። ያገለገለ ፒኤስ 4 ስትገዙ ሻጩ ቤት ሆናችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱበት። ማራገቢያው ጮክ ብሎ መጮህ ከጀመረ ውስጡ አቧራ ሞልቶታል፤ የማጽጃውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ዲስክ አስገብታችሁ አስወጡ። ሁለቱንም ጆይስቲክ ከላይ ባልኳችሁ መንገድ ፈትኑ፣ ቻርጅ መያዛቸውንም እዩ። ስታበሩት ማሽኑ በትክክል አልጠፋም የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ መብራት ድንገት እየሄደበት የኖረ ነው። ያ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ደጋግሞ ካመጣው ግን ሃርድ ዲስኩን ተጠራጠሩ። ስትገዙት ስታብላይዘር አብራችሁ ግዙ። ገንዘቡ ካልበቃ የማሽኑን ግዢ አቆዩት እንጂ ያለ ስታብላይዘር አትሰኩት።