የሎሬቶ መነኮሳት ካልካታ እንዴት ትምህርት ቤት ከፈቱ?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ስድስት ኪሎ፣ የማዘር ቴሬዛ ቤት አካባቢ ነው። ማዘር ድሆችን ማገልገል ከመጀመራቸው በፊት ሕንድ አገር ካልካታ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ ሲባል እሰማለሁ። ትምህርት ቤቱ የማን ነበር? እንዴትስ ተጀመረ?

ታሪክ ወዳድ፦
የሎሬቶ መነኮሳት ነው፣ ከአየርላንድ የመጡ የካቶሊክ ሴት መነኮሳት ናቸው። ደብሊን አጠገብ ካለው የራዝፋርንሃም ገዳም ተነስተው፣ ወራት በባሕር ተጉዘው ካልካታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1841 መጨረሻ ላይ ነው። አለቃቸው ማዘር ዴልፊን ሃርት ነበሩ። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፣ እስቲ አስቡት፣ አገሩን አያውቁት፣ ሙቀቱም አይቻልም! ብዙም ሳይቆዩ ግን በ1842 ሚድልተን ሮው የሚባለው ጎዳና ላይ ሎሬቶ ሃውስ የሚባለውን ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች ከፈቱ። በኋላ እንታሊ ሰፈር ወላጅ አልባ ልጆችንም ያሳድጉ ነበር።

መምህርት ነኝ፦
ማዘር ቴሬዛ ያስተማሩት እዚያው እንታሊ ነው፣ ቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት። ጂኦግራፊና ታሪክ ነበር የሚያስተምሩት። እ.ኤ.አ. በ1944 ርእሰ መምህርት ሆኑ፣ በ1948 ደግሞ ድሆቹን ብለው ወጡ።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የነዚያ ወጣቶች ነገር ልቤን ነካው። የዴልፊን ሃርትን ስም ገና ዛሬ ሰማሁ።