ከደለስ (የዋሽንግተን ዲሲ አየር ማረፊያ) ጎንደር ስንት ሰዓት ነው? (ለጥምቀት፣ ፈቃዴ 10 ቀን ብቻ)

የሳሙና በር ልጅ፦ ሰላም ናችሁ። ለጥምቀት ጎንደር ልገባ ነው። ከደለስ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ግድም ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ እገባለሁ፣ የጎንደሩ 4 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሁለት ሰዓት ይበቃኛል? ቀጥሎ ያለው የከሰዓት ነው። እማዬ «ለከተራ ካልደረስሽ አትምጪ» ብላለች።

የድሮ መካኒክ፦ ልጄ፣ መንገዱ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጥር ላይ የሰዓት ልዩነቱ 8 ስለሆነ ስትሄጂ አንድ ቀን ይበላብሻል። ደግነቱ ላይ ያለው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋችኋል። ስትመለሺ ከፊት ነው። በዚያ ላይ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው። ሰው ሙሉ፣ ሻንጣ ሙሉ፣ ነዳጅም ሙሉ ሆኖ መነሳት ይከብዳል። ስንመለስ መሐል ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው።

የሳሙና በር ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለቱ ሰዓትስ?

ማራኪ፦ እንዳትሞክሪው! የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ለአገር ውስጡ ደግሞ እንደገና ፍተሻ። እኔ ሁለተኛዋ ሻንጣዬ ስትዘገይ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የሮጥኩት። ደረስኩ፣ ግን ላብ በላብ ሆኜ። ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ትኬት ቁረጪ።

አዘዞ፦ እኔ ከዚሁ ከጎንደር ነው የምጽፈው። የምትደርሺበትን በሐበሻ ሰዓት ንገሪያቸው። አክስቴ ስትመጣ ትኬቷ ላይ 11:10 ይላል። እኛ ከቀኑ 11 ሰዓት መስሎን አበባ ይዘን ሄድን። እሷ ለካ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምራ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች! እስከ ዛሬ ታነሳብናለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለ10 ቀን ያን ሁሉ ገንዘብ? ለእናትሽ ብትልኪላት የቤቱን ቆርቆሮ ትቀይርበት ነበር።

ማራኪ፦ ቆርቆሮ ነው እንዴ የናፈቃት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በየወሩ የምንልከው እኛ ነን። ስንሄድ ደግሞ «ምን ይዘህ መጣህ» ነው። የኔን ቢል ትከፍሉልኛላችሁ?

የሳሙና በር ልጅ፦ ኧረ በእናታችሁ፣ ስለ ትኬት ነበር የጠየቅኩት።

ቀሀ፦ አባቴ ያረፈ ዕለት ሌሊቱን ትኬት ቆርጬ ተነሳሁ። እዚያ በማግስቱ ነው የሚቀበረው። አዘዞ፣ ጎንደር አየር ማረፊያ፣ ስወርድ ሠልስቱ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀብረው፣ አልቅሰው ጨርሰዋል። እኔ ገና መጀመሬ ነው። ሂጂ እህቴ፣ በሕይወት እያለች ሂጂ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ አትሂድ አላልኩም፣ ሒሳቡን ነው ያወራሁት።

ማራኪ፦ ሒሳብህን ለራስህ ያዘው።

የድሮ መካኒክ፦ ተዉ እንጂ ልጆች። ከአዲስ አበባ በመኪና እሄዳለሁ እንዳትይ። በአየር 420 ኪሎ ሜትር ግድም የሆነው በመሬት 700 ያልፋል፣ የመንገዱ ነገር ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

የሳሙና በር ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ የከሰዓቱን ሳልይዝ አልቀርም። ቦታ ካለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ስትመለሺ ሻንጣሽ ላይ ቦታ ይኖርሻል? ግማሽ ኪሎ ሚጥሚጣ ብቻ። እህቴ አዘዞ ድረስ ታመጣልሻለች።